ከሁለት እርሳስ የሚፈስ አረር

ይህ የሆነበትን ዓመተ ምሕረት ብትጠይቁኝ በትክክል አላስታውሰውም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ልጄ “አባባ፣ ስንት ዓመት ነበር?” ስትለኝ፣ “ታላቅ ወንድምሽ ከመወለዱ በፊት ነው” እላታለሁ፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አልችልም። ትምህርቴም ትንሽ ነው። ይህንን የምጽፈው ቀስ እያልኩ፣ የረሳሁትን ፊደል እሷን እየጠየቅሁ ነው።

ሥራ የገባሁበት ቀን ግን እንደ ትናንት ነው የሚታየኝ። ወልቂጤ፣ አሥር አለቃ መኩሪያ ግቢ ውስጥ ነው። አሥር አለቃ ከሰሜን የመጡ፣ በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ያገለገሉ ጡረተኛ ነበሩ። የተሰበረ ሰደፍ ይቀጥላሉ፣ ቃታ ያስተካክላሉ፤ ለአዳኞች ደግሞ አረር ያፈሳሉ። አረር የምለው ከጥይቱ ጫፍ ላይ የሚቀመጠውን፣ በርሮ የሚሄደውን እርሳስ ነው። ቀለሁንና ባሩዱን እኛ ቤት አንነካውም። እሱን አዳኙ ራሱ ያሰናዳል።

“እጅህን አሳየኝ” አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። አገላብጠው አዩት።

“ጆሮህስ?”

“ጆሮ ደግሞ ምኑ ይታያል፣ ጌታዬ?”

“ይታያል” አሉና ፊቴን ወደ አጥሩ አዙረው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ከኋላዬ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። በዚያ ድንጋይ ላይ እርሳስ እየጣሉ፣ “ይሄስ?” ይሉኛል። ለስላሳ እርሳስ ሲወድቅ “ዱብ” ብሎ ዝም ይላል። ጠንካራው ግን “ቅጭል” ይላል፤ እንደ ሳንቲም ይጮኻል። እስከ ምሳ ሰዓት ስንቱን ስቼ ስንቱን አገኘሁ፤ ከምሳ በኋላም እንደገና። አመሻሽ ላይ፣ “ነገ ና” አሉኝ። ወደ ማደሪያዬ ስሄድ የሰው ሰላምታ ሁሉ ዱብና ቅጭል ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

ሰው ጥይት ሁሉ ያው ጥይት ነው ይላል። አይደለም። አረሩ በሙሉ ጠንካራ ከሆነ እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። ድኩላው ቁስሉን ይዞ ይሮጥና ጫካ ገብቶ ይሞታል። ቢላዋ ሳይደርስበት የሞተ ደግሞ በክት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም። አረሩ በሙሉ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ጠመንጃው ውስጥ ይላላጣል፤ አፈሙዙን ያቆሽሻል፤ አካሄዱም ይጣመማል። ስለዚህ የኛ ሥራ አፍንጫው ለስላሳ፣ ወገቡ ጠንካራ የሆነ አረር ማፍሰስ ነበር። አፍንጫው ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይገለጣል፤ እንስሳውን እዚያው ይጥለዋል። አዳኙም ነፍሱ ሳትወጣ ይደርስበትና፣ እንደየእምነቱ ስም ጠርቶ ያርደዋል።

ለስላሳው እርሳስ ከጭነት ማሸጊያ ፕሎምብና ከአሮጌ የስልክ ገመድ ልባስ ይገኛል። ጠንካራው ከመኪና ባትሪና ከጎማ ሚዛን ነው። ሁለቱም ለየብቻ በብረት ድስት ይቀልጣሉ። አረሩ የሚፈስበት ቅርጽ እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት ነው። መጀመሪያ በትንሽ ማንኪያ አፍንጫው የሚሆነው ለስላሳው ይገባል፤ እሱ ሳይቀዘቅዝ ጠንካራው ይከተለዋል። ከቅርጹ ሲወጣ በሞረድ ይጸዳል፣ በሰምና በሞራ ይታሻል።

በአሥር አለቃ ቤት ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ ከሰል አቀጣጣይ ትሆናለህ፤ ወናፍህን ይዘህ አፍህን ትዘጋለህ። ቀጥሎ መራጭ ትሆናለህ፤ ዱብና ቅጭሉን ትለያለህ። መጨረሻ ላይ ነው አፍሳሽ የምትሆነው። እኔ አፍሳሽ ለመሆን ሦስት ክረምት ፈጀብኝ። ሲፈስ ወሬ የለም። ውሃ በአጠገቡ አያልፍም፤ አንዲት ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ብትገባ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። ዝናብ ሲያካፋ ሥራ ይቆማል። ሥራ ሲያልቅ እጅ በአመድ ይታጠባል፤ ሳይታጠቡ እህል መንካት አይፈቀድም።

አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር መጥቶ፣ “ጌታዬ ለነገ ይድረስ ብለዋል፤ እንግዶች አሉባቸው፣ ወደ ጊቤ ይወርዳሉ” አለ። ያን ጊዜ ዝናብ ያካፋል።

“የጠመንጃው ፈቃድ የታለ?” አሉት አሥር አለቃ።

“የጌታዬን ፈቃድ ይጠይቃሉ?”

“የጠመንጃውን ነው የጠየቅሁህ።”

አሽከሩ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ። አሥር አለቃ አነበቡና መለሱለት። “ለጌታህ እንዲህ በላቸው፤ ዝናቡ ለነገ ከፈቀደ ለነገ፤ ካልፈቀደ እንግዶቻቸው ጊቤን አይተው ይመለሱ፤ ወንዙም ያምራል።” አሽከሩ እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን ከበሩ ኋላ ተሸሽጌ ነበር። ያኔም ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ለዚህ ሥራ ፍርሃት ነውር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቡታጅራ ገባሁ። ዘነበችን አገባሁ፤ ከጓሮአችን ዳስ ሠርቼ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከመስቃን ገጠር የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ጥቂቶቹ ለሥጋ ያድናሉ። የሚበዙት ግን እንሰታቸውን ከከርከሮ ለመጠበቅ ነው። ከርከሮ እንሰት ውስጥ ከገባ በአፍንጫው ሥሩን ይገለብጠዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት የተጠበቀን ተክል በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። እንሰት የጠፋበት ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚበላ አያውቅም።

ሁለቱን እርሳስ የማስቀምጥበት የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ቀልጦ ሲጋገር ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው። ስለዚህ ለስላሳውን በአረንጓዴ የእንሰት ቅጠል እጠቀልለዋለሁ፤ ቅጠሉን በየሳምንቱ እቀይራለሁ። ጠንካራውን በደረቅ ቅጠል ጠቅልዬ በቃጫ አስረዋለሁ። ለስላሳ ለለስላሳ፣ ደረቅ ለደረቅ። በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስም ድንጋዩ ላይ መጣሉን ተውኩት። ቅጠሉን አይቼ አቀልጣለሁ።

መስቀል አራት ቀን ሲቀረው ነስሩ መጣ። ነስሩ ከእንሴኖ መለስ ብሎ ያለ መንደር ገበሬ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ። በመንደሩ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የእሱ ብቻ ነበር፤ እሱም አሮጌ ውጅግራ ነው።

“አሰላሙ አለይኩም፣ አመርጋ! ስድስት ፍሬ። ዛሬ እፈልጋለሁ።”

“ወአለይኩም ሰላም። ሰው ሁሉ ዛሬ ዛሬ ይላል። ከአንተ በፊት አምስት ሰው ተቀምጧል።”

“እነሱ ለመስቀል ነው። እኔ ነገ ጠዋት ነው ከርከሮ ፊት የምቆመው።”

ከተቀመጡት አንዱ፣ “ነስሩ፣ አንተ የማትበላውን አውሬ ለምን ትገድላለህ?” ሲል ቀለደበት።

“እሱ የእኔን ሲበላ ጠይቆኛል?” አለ ነስሩ። ሁላችንም ሳቅን።

አደኑ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መንደሩ በሙሉ ይወጣል። ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጥሩንባ እየነፋ ከርከሮዎቹን ከሸምበቆው ያስነሳና ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ ይነዳቸዋል። ነስሩ ብቻውን ከሸለቆው አፍ ላይ ይቆማል። ውጅግራ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነው። ሁለተኛውን እስኪያጎርስ ከርከሮው ጭኑ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አረር አውሬውን እዚያው መጣል አለበት።

ሌሎቹን ለማግስቱ ቀጥሬ፣ የእሱን ስድስት አስቀድሜ አፈሰስኩለት። ሞረድኩ፣ ሰም ቀባሁ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት። “አላህ ይስጥልኝ፤ መስቀልህን በሰላም ዋል” ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የቀረውን ትዕዛዝ ልጨርስ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። አረንጓዴውን ቅጠል ፈትቼ እርሳሱን ሳነሣው ከእጄ አመለጠ፤ ከመሬቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። “ቅጭል” አለ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አነሣሁትና እንደገና ጣልኩት። ቅጭል። ሌላውን ጥቅል ፈታሁ፤ እሱም በአረንጓዴ ቅጠል ነው የተጠቀለለው። ጣልኩት። ዱብ።

ደረቅ ቅጠል አንድም የለም። ዙሪያዬን አየሁ። ለመስቀል የእኛ ቤት ከጣሪያ እስከ ወለል ይጸዳል፤ ዕቃው ሁሉ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይገባል። ዘነበች በጽዳቱ ቀን ዳሱንም አጽድታልኛለች። የቆሸሸውን ቅጠል ሁሉ ጥላ፣ ሁለቱንም እርሳስ በአዲስ ለምለም ቅጠል አሳምራ ጠቅልላልኛለች። ትናንት እኔ ለአንድ አፍታ ግራ ተጋብቼ ነበር። ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ፤ ግን አንደኛው ትንሽ የወየበ መሰለኝና፣ “ይሄ ደረቁ ይሆናል” ብዬ አለፍኩት። ስድስት ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ መጣል ብቻ ነበር የቀረኝ።

የነስሩን አረር ገልብጬዋለሁ። አፍንጫው ጠንካራ፣ ወገቡ ለስላሳ። ከርከሮውን በስቶ ያልፋል፤ ከርከሮው ግን አይቆምም።

እውነቱን ልናገር። ወዲያው አልሮጥኩም። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። “ምናልባት አጥንት ያገኘው ይሆናል። ምናልባት ዛሬ ከርከሮው አይወጣም ይሆናል። ምናልባት ማንም አያውቅም” እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ለመስቀል ከየገጠሩ የሚመጣ ሰው ይህን ከሰማ ከእንግዲህ ማን አረር ይወስድልኛል? ይህንን ነበር የማስበው። ስለ ነስሩ ጭን ሳይሆን ስለ ስሜ።

ዘነበች ብቅ አለች። “ምነው? ፊትህ ምን ሆነ?”

ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ቅጠሉን እኮ እኔ ነኝ...”

“አንቺማ ቤት ነው ያጸዳሽው። ድንጋዩ ላይ መጣል የእኔ ሥራ ነበር።”

“ታዲያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?” አለች። ቁጣ የለውም ድምፅዋ። በእውነት የጠየቀችኝ ነው የመሰለኝ። ያኔ ተነሣሁ።

መንገድ ወጣሁ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ለመስቀል ሰንጋ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። ወደ እንሴኖ የሚሄድ አንድም የለም። አንድ ሹፌር አቁሜ ለመንኩት።

“ወንድሜ፣ እኔ ወደ ቡኢ ነኝ። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና አልሠሩልኝም” ብሎኝ ሄደ።

በእግሬ ተያያዝኩት። አደኑ የሚጀመረው ጤዛው ሲነሣ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ስነሣ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ጅረቱ ሙሉ። ትንሽ እሮጣለሁ፣ ጎኔን ሲወጋኝ እራመዳለሁ፣ ፀሐዩን አያለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ቡታጅራ ይመጣል። እኔ ብቻ ከገበያው የምሸሽ መሰልኩ።

አንድ ጅረት ዳር ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ተንበረከክሁ። ቅቤ የጫነች በቅሎ የሚስቡ አንዲት ሴትዮ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ይሻገራሉ። ዕድሜያቸው ከእኔ ገፋ ያለ፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ ናቸው።

“አንተ ሰውዬ፣ ከማን ነው የምትሸሸው?” አሉኝ።

“እየሸሸሁ አይደለም፣ እትዬ። ነስሩ መንደር ልደርስ ነው።”

“የትኛው ነስሩ? ባለ ጠመንጃው?”

“አዎ። ያውቁታል?”

“ከግቢዬ አጥር ወዲያ ነው የሚኖረው። ምን ሆነ?”

ለሹፌሩ ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰምተው ሲጨርሱ በቅሎይቱን አዩ፣ ፀሐዩን አዩ፣ ከዚያ ወደ ቡታጅራ በኩል አንድ ጊዜ አዩ። የመስቀል ገበያ ለቅቤ ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ክትፎ የማይበላ ቤት የለም።

“አንተ ነህ የምታፈሰው?”

“እኔ ነኝ።”

“አየህ፣ እኔ ቅቤ ላይ ሙዝ ቀላቅዬ ብሸጥ ምን ይሉኛል?”

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ቅቤውን ከበቅሎዋ አውርደው ለሁለቱ ሴቶች አከፋፈሉ። “የቻላችሁትን ሽጡ፤ ያልቻላችሁትን መልሱ” አሏቸውና ወደ እኔ ዞሩ። “ውጣ በቅሎዋ ላይ።”

“እርስዎስ?”

“እኔ መንገዱን አውቃለሁ። አንተ ግን መራመድ አቅቶሃል። ውጣ!”

በማሽላው መካከል በአቋራጭ ወሰዱኝ። እሳቸው ከፊት በእግር፣ እኔ በበቅሎ ላይ። እፍረቴ ከድካሜ በለጠ። አንድ ሁለቴ ልውረድ ስል፣ “ተቀመጥ፤ ስትወርድ ስትወጣ ጊዜ ትበላለህ” አሉኝ።

ገና መንደሩን ሳናይ ቆርቆሮውን ሰማሁ።

ጀምረዋል። ከሸምበቆው በኩል ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሰው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ወደ ሸለቆው እየተጠጋ ነው። መንደሩ ጫፍ ስንደርስ ከበቅሎዋ ዘልዬ ወረድኩ። ወደ ሸለቆው ልሮጥ ስል ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝ። ቀጭን ቢሆኑም እጃቸው ብርቱ ነው።

“በፊት ለፊቱ ከሄድክ ነስሩ ከርከሮ መስለኸው ይተኩስብሃል። ከሚነዱት ሰዎች ኋላ ከሄድክ በዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ማን ይሰማሃል?”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

እሳቸው ወደ ጀፎረው ሄዱ። ጀፎረ የመንደሩ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞሩበት። መካከሉ ላይ ቆሙ፤ ሻሻቸውን አጠበቁ፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ኡኡታ አሰሙ።

የአገሩ ሰው የሆነ የኡኡታን ነገር ያውቃል። ኡኡታ ሲሰማ አራሹ ሞፈሩን፣ አጫጁ ማጭዱን፣ ቀባሪም አካፋውን ጥሎ ይመጣል። ቤት ተቃጥሏል ወይም ሰው ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት ኡኡ ያለ ሰው ከሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ይቀጣል። ስሙም አይነሣም፤ ሌላ ቀን በእውነት ቢጮኽ እንኳ የሚደርስለት የለም። ሴትዮዋ ይህንን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ኡኡ አሉ። ከየቤቱ የቀሩት ሴቶች ተቀበሏቸው። ኡኡታው ከቤት ቤት እየተላለፈ ወደ ሸምበቆው ወረደ።

ቆርቆሮው መጀመሪያ በአንድ በኩል ቆመ። ከዚያ በሌላው። ከዚያ ጥሩንባው ቆመ። ሰው በእንሰቱ መካከል እየሮጠ መምጣት ጀመረ፤ ዱላ የያዘ፣ ጦር የያዘ፣ ቆርቆሮውን ያልጣለም ነበር። ጀፎረው ሞላ። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ፊት ነው። የለም። ጆሮዬን ወደ ሸለቆው አድርጌ ተኩስ እጠብቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ አዳምጬ አላውቅም።

በመጨረሻ ነስሩ ከአጥር ኋላ ብቅ አለ። ውጅግራው ትከሻው ላይ ነው፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

“ማን ሞተ?” አለ።

“እስካሁን ማንም” አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት ገፉኝ። “ተናገር። እኔ ድርሻዬን ጮኼያለሁ።”

ተናገርኩ። ስንት ሰው እንደነበረ አላውቅም፤ ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ነበር። ቅጠሉን፣ ድንጋዩን፣ መቸኮሌን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ አንድ ሰው ከኋላ፣ “ይሄ ነው እንግዲህ ባለሙያ የሚባለው!” አለ። ማንም አልሳቀም።

ነስሩ ጠመንጃውን ከፈተና ጥይቱን አወጣ። አረሩን በአውራ ጣቱ ጥፍር ቧጠጠው። ለስላሳ ቢሆን ጥፍሩ ምልክት ያወጣበት ነበር። ምንም የለም። ደግሞ ቧጠጠ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ጥይቱን እያየ፣ “ሁለት ከርከሮዎች ከሸምበቆው ወጥተው ነበር” አለ። “ትልቁ ወንድ ከፊት ነበር። ከሸለቆው አፍ በድንጋይ መወርወሪያ ርቀት ላይ ነው ጩኸቱ ቆሞበት የተመለሰው።” ጥይቱን በመዳፉ ጨበጠና፣ “ከኋላዬ ገደል ነው። የምሸሽበት አልነበረኝም” አለ።

የመንደሩ ሽማግሌ ተራመዱ። “ዘሐራ፣ ኡኡታው የምን ነው? ቤት አልነደደም፣ ሰው አልሞተም።”

“ሰው እንዳይሞት ነው፣ አባቴ” አሉ ሴትዮዋ። “ቅጣት ካለበት እከፍላለሁ። ሞቶ ከሚጮህ ሳይሞት ቢጮህ ይሻላል ብዬ ነው።”

ሽማግሌው ነስሩን አዩት። ነስሩ ጥይቱን በመዳፉ ይዞ አሳያቸው። “በሐሰት አልጮኸችም” አለ።

“እንግዲያው ኡኡታው የነፍስ ነው” አሉ ሽማግሌው። ሰውም ወደየቤቱ ተበተነ።

ነገሩ በዚህ በሰላም አለቀ ብላችሁ አታስቡ። ከርከሮዎቹ በዚያው ሌሊት ወጡና የአንዲት ባል የሞተባት ሴት እንሰት ውስጥ ገቡ። አሥራ ሁለት ሥር ገለበጡ። ያ የእኔ ጥፋት ነው። ከመስቀል በኋላ ከአባቴ ቦታ ችግኝ ይዤ ሄጄ በእጄ ተከልኩላት። ሴቲቱ ውሃ ሰጠችኝ እንጂ አላናገረችኝም። ልክ ነበረች።

ነስሩ በመስቀል ማግስት ዳሴ ድረስ መጣ። አምስቱን አረርና ያን ስድስተኛውን መለሰልኝ። “ስምህን አላጠፋም” አለኝ። “ግን ለእኔ ከእንግዲህ ፊቴ ቁጭ ብለህ ነው የምታፈሰው።” ድንጋዩን ፊቱ አደረግሁለት። እያንዳንዷን እርሳስ ራሱ ጣላት፤ ራሱ አዳመጣት። “ዱብ” ያለችው ለስላሳው ድስት ውስጥ፣ “ቅጭል” ያለችው ጠንካራው ድስት ውስጥ ገባች። ከዚያ ሳምንት በኋላ ያንን ትልቁን ወንድ ከሸለቆው አፍ ላይ ጣለው። ወሬውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ነስሩ ራሱ፣ “ወደቀ” ብሎኝ ብቻ አለፈ።

ወልቂጤ ሄጄ ለአሥር አለቃ መኩሪያ ነገርኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ከሰሉን በእንጨት ቆሰቆሱ።

“እኔም እንደዚህ አድርጌ አውቃለሁ” አሉ። “ግምጃ ቤት ሳለሁ። የተበላሸ ነገር እንደ ሰጠሁ አወቅሁ፤ ዝም አልኩ። ምናልባት ብዬ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ አንድ ሰው አንድ እጁን አጣ። እስካሁን የማን ጥፋት እንደሆነ አያውቅም።” ቀና ብለው አዩኝ። “አንተ ሮጠሃል። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።”

ሥርዓቱ ሲለወጥ ጠመንጃ ተሰበሰበ፤ የእኛም ሥራ ቀረ። እኔ ወደ ቆርቆሮና ብየዳ ዞርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ደንበኛ ፊት ሳልቀመጥ፣ እርሳሱን ደንበኛው ራሱ ሳይሰማው አንድም አረር አላፈሰስኩም።

ለባለሙያ ወንድሞቼና ለልጆቹ የምለው ይህን ነው። ዕቃችሁን በመጠቅለያው አትለዩት፤ ራሱን ፈትሹት። የተበላሸ ነገር ከእጃችሁ ከወጣ፣ ባለቤቱ ሳይጠቀምበት በፊት በአፋችሁ ንገሩት። ስትሄዱ ታፍራላችሁ። ቢሆንም ሂዱ።

እኔ ብቻዬን ብሆን አልደርስም ነበር። ያን ቀን ገበያቸውን ትተው፣ በቅሎአቸውን ሰጥተው፣ ስማቸውን ለኡኡታ አስይዘው ያሻገሩኝ ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘሐራ ከድር ናቸው።